ባልና ሚስት ተራርቀው ሲኖሩ የፍቺ ነገር በየትኛው ዳኛ ፊት ይቅረብ?



በቀድሞው ዘመን ባልና ሚስት ሲጣሉ ነገራቸው የሚታየው በደጃቸው ነበር። ሽማግሌው ጎረቤት፤ ዳኛው የአገር ሰው፤ የንስሐ አባቱም የሁለቱን ልብ የሚያውቅ ነበረና ነገሩ በየት ይታይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ግን ባል በሜሪላንድ ሚስት በደብረ ብርሃን፤ ወይም ሚስት በቤሩት ባል በወልድያ የሚኖሩበት ትዳር ብዙ ሆኗል። በአገር ውስጥም ቢሆን አንዱ ለሥራ ሐዋሳ ሲወርድ ሌላው አዲስ አበባ ይቀራል። ስለዚህ ካህናት ከንስሐ ልጆቻቸው አፍ አባቶቻችን ያልሰሙትን ጥያቄ ይሰማሉ፤ ይኸውም «አባቴ፤ ፍቺውን በየት አገር ላቅርብ?» የሚል ነው።

ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሚሻው ነገሩ ፈጥኖ የሚያልቅበትን፤ ወጪው የሚያንስበትን፤ አንዳንዱም፤ ሳንሸሽግ እንናገር፤ ሌላው ወገን ሳይሰማ የሚያልፍበትን ቦታ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ግን ዳኛው ሊመረጥ የሚገባው የቀረው ወገን ተጠርቶ ሊሰማና ሊመልስ በሚችልበት ቦታ መሆኑን ነው። በዚህ ነገር መጻሕፍት ቅዱሳትና የመንግሥታት ሕግ ከሚታሰበው ይልቅ የተቀራረቡ ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ፍቺን አታስተምርም፤ ጌታችን ከዝሙት ምክንያት በቀር ሚስቱን የሚፈታውን እንደ ወቀሰ የታወቀ ነው (ማቴ. 19፥9)። ተራርቆ መኖርም ብቻውን ትዳርን አያፈርስም፤ ሐዋርያው ባልና ሚስት ለጊዜው በስምምነት እንዲለያዩ ፈቅዷልና (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። ይህን የምንጽፈው ምክርና ሽምግልና ተሞክሮ ላልሆነላቸው፤ ወይም ከሳሽ ሳይሆኑ ተከሳሽ ለሆኑት፤ እነርሱንም ለሚመክሩ ካህናት ነው።

ሙሴ በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ ሚስቱን ለሚፈታ ሰው ያዘዘውን እንመልከት። ሰውየው ይጽፋል፤ የጻፈውንም በእጅዋ ይሰጣታል፤ ከዚህ በኋላ ከቤቱ ትወጣለች። ስለ ምን በእጅዋ አለ ቢሉ፤ ሳታውቅ እንዳትፈታ ነው። አንድም፤ ኋላ ሌላ ባል ብታገባ አመንዝራ እንዳትባል ማስረጃው ከእርስዋ ዘንድ እንዲገኝ ነው። አንድም፤ በቍጣ የተናገረው ሰው ጸሐፊ እስኪፈልግ፤ ጽሕፈቱንም እርስዋ ወዳለችበት እስኪያደርስ ድረስ ቍጣው እንዲበርድለት ነው። ጌታችን ይህ ትእዛዝ ስለ ልባቸው ጥንካሬ የተሰጠ መሆኑን ገልጧል። ይሁን እንጂ ለልበ ጥኑ ሰው የተሰጠው ሕግ እንኳ የሴቲቱን ዕውቀት ሳይጠብቅ አልቀረም።

በኋላ ዘመን አይሁድ በየአገሩ ሲበተኑ ዛሬ እኛን የገጠመን ጥያቄ እነርሱንም ገጠማቸው። ባል በባሕር ማዶ፤ ሚስት በምድረ እስራኤል ስትሆን ጽሕፈቱ እንዴት ይድረሳት? በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው የመምህራኖቻቸው መጽሐፍ ጊጢን የሚባል ክፍል አለው፤ ጊጢን ማለት የፍቺ ጽሕፈቶች ማለት ነው። የዚህ ክፍል መጀመሪያ ከባሕር ማዶ የፍቺ ጽሕፈት ይዞ ስለሚመጣ መልእክተኛ ይናገራል፤ መልእክተኛውም ጽሕፈቱ በፊቱ እንደ ተጻፈ፤ በፊቱም እንደ ተፈረመ መመስከር ይገባዋል ይላል። ከዚያው ክፍል በአራተኛው ምዕራፍ ደግሞ ታላቁ ገማልያል የሠራው ሥርዓት ይገኛል። ይህ ገማልያል በግብረ ሐዋርያት የተጠቀሰው፤ ቅዱስ ጳውሎስ በእግሩ ሥር ተቀምጦ የተማረው መምህር ነው (የሐዋ. 5፥34፤ 22፥3)። ከእርሱ በፊት ባል ጽሕፈቱን ከላከ በኋላ ልቡ ቢለወጥ ባለበት ከተማ ዳኞች ሰብስቦ የላከውን ይሽር ነበር። ሚስቲቱም ይህን ሳታውቅ ተፈታሁ ብላ ሌላ ታገባ ነበር። ገማልያል ይህን ከለከለ፤ ባል እርስዋ በሌለችበት ስፍራ ዳኛ አቁሞ የእርስዋን ነገር እንዳይለውጥ አዘዘ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም አልደበዘዘም። ከሳሽ የሚመቸው ሸንጎ ለፍርድ የሚመች ሸንጎ ላይሆን ይችላል። ኒቆዲሞስም በአለቆች ጉባኤ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ ሕጋችን ሰውን አስቀድሞ ሳይሰማ አይፈርድም ብሎ ተከራከረ (ዮሐ. 7፥51)። አረማዊው ፊስጦስ እንኳ ተከሳሽ በከሳሾቹ ፊት ቆሞ ሳይመልስ አሳልፎ መስጠት የሮማውያን ልማድ አይደለም ብሏል (የሐዋ. 25፥16)። ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ሁሉን ሲያውቅ አዳምን ወዴት እንዳለ ጠየቀው እንጂ ሳይጠይቀው አልፈረደበትም።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ነገር የሚያዩትን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች አድርጓቸው ነበር። ለፍቺ ከባድ ምክንያት ብሎ ከቈጠራቸውም አንዱ ባል ወይም ሚስት የትዳሩን ቤት ትቶ፤ ወዴት እንዳለ ሳይታወቅ ሁለት ዓመት መቈየቱ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ይህን ሁሉ ለውጧል። በዚህ ሕግ ፍቺን ሊወስን የሚችል ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌዎች የቀራቸው ሥራ ማስታረቅ ነው፤ የሚመርጧቸውም ራሳቸው ባልና ሚስት ናቸው። ዳኛውም ተጋቢዎቹን ያነጋግራል፤ እንዲታረቁ ይመክራል፤ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። በእኔ አስተያየት ሽማግሌዎች የፍርድን ሥልጣን ማጣታቸው የሚያስቈጭ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የባልን ወገን ይዘው ይገኙ ነበርና። የሚያስቈጨው የማስታረቁን ሥራ ዛሬ እንደ ማኅተም ማስመቻ ቈጥረው በአንድ ቀን የሚጨርሱት መብዛታቸው ነው።

ይህ የ1992 ዓ.ም. ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ ባል በአንድ ክልል ሚስት በአዲስ አበባ ሲሆኑ የቦታው ምርጫ የሕጉ ምርጫ ጭምር ሊሆን ይችላል። ቦታውን በሚመለከት መነሻ የሚሆነው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በሕግ ተለይቶ ሌላ ካልተባለ በቀር ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ሠርቶ በሚያድርበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት እንደ ሆነ በ19ኛው ቍጥር ተጽፏል። ምሥጢሩ ግልጥ ነው። ነገር የጀመረ ሰው ይድከም፤ የተጠራው በደጁ ይመልስ ማለት ነው። ሚስት በአዲስ አበባ ሆና በሐዋሳ የሚኖረውን ባልዋን ልትከስ ብትፈልግ መነሻው ሐዋሳ ነው። ሁለቱ በስምምነት ሊለያዩና የልጆቹንና የንብረቱን ነገር አስቀድመው ተስማምተው በጽሑፍ ሊያቀርቡ ከሆነ ግን ከሳሽና ተከሳሽ ስለሌለ የቦታው ክርክር እጅግ ይቀልላል። ስለ ቦታ ለሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያው ምላሽ «ከእርሱ ጋር ተነጋግረሃልን? ከእርስዋ ጋር ተነጋግረሻልን?» የሚል ሊሆን የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ከቦታው ቀጥሎ የሚመጣው የመጥሪያ ነገር ነው፤ ብዙ ኀጢአት የሚሠራውም በዚህ ነው። ሕጉ መጥሪያ ለተከሳሹ ራሱ እንዲደርስ ይሻል፤ ከሙሴ ትእዛዝ ጋር ያለውን ዝምድና አንባቢ ያስተውል። ተከሳሹ በትጋት ተፈልጎ ያልተገኘ እንደ ሆነ ዳኛው በሌላ መንገድ፤ ለምሳሌ በጋዜጣ በሚወጣ ማስታወቂያ እንዲጠራ ያዝዛል። ይህ ለጭንቅ ጊዜ የተሠራ መንገድ ነው። ነገር ግን ባልዋ በየወሩ ገንዘብ የሚልክላት፤ በየእሑዱም በስልክ የምታነጋግረው ሴት «አድራሻው አይታወቅም» ብላ በቃለ መሐላ ስታረጋግጥ፤ ወይም ሚስቱ በየትኛው ቤት ተቀጥራ እንደምትሠራ የሚያውቅ ባል እንዲሁ ሲያደርግ፤ ማስታወቂያው በዱባይ ወይም በዳላስ በማይነበብ ጋዜጣ ይወጣል፤ የተጠራው አይቀርብም፤ ፍርዱም በሌለበት ይሰጣል። ይህ በሐሰት መማል ነው፤ የአሥርቱ ቃላትን ትእዛዝ ማፍረስ ነው። የንስሐ አባት ይህን እንደ ቀላል የወረቀት ነገር አይለፈው።

እንዲህ ያለውን ፍርድ ያተረፈ የሚመስለው ሰውም ብዙ ጊዜ አላተረፈም። መጥሪያ በአግባቡ ያልደረሰው ሰው በሌለበት መፈረዱን ካወቀ ጊዜ ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሣለት ማመልከት እንደሚችል ያው የሥነ ሥርዓት ሕግ በ78ኛው ቍጥር ይፈቅዳል። ወሩ የሚቈጠረው ከፍርዱ ቀን ሳይሆን ካወቀበት ቀን መሆኑን ልብ ይሏል። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ያወቀ ሰው የተዘጋውን መዝገብ ሊያስከፍት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ያገባው ከሳሽ በምን ላይ ይቆማል? አገራችን በ1996 ዓ.ም. ባወጣችው የወንጀል ሕግ ደግሞ ትዳር ሳይፈርስ ሌላ ማግባት የሚያስቀጣ ነው።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ አገር ፍቺን የሚመለከት አንድ ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግና የራሱ ዳኛ አለው። ብዙዎች «በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ተጋብተናልና ፍቺውም በዚያው ብቻ ይሆናል» ብለው ያስባሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። የአሜሪካ ዳኛ የሚጠይቀው የት እንደ ተጋቡ ሳይሆን ከሁለቱ አንዱ በዚያ ስቴት በእውነት ነዋሪ መሆኑን ነው።

ወገኖቻችን በሚበዙበት በዋሽንግተን አካባቢ ሦስት ሕጎች በአንድ የከተማ ባቡር መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ባል በአሌክሳንድርያ ቢኖር በቨርጂንያ ሕግ፤ ሚስት በሲልቨር ስፕሪንግ ብትኖር በሜሪላንድ ሕግ፤ ወንዙን ተሻግሮ በከተማይቱ ለሚኖር ደግሞ በዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ሕግ ይዳኛል። ቨርጂንያ ከሁለቱ አንዱ ክሱ ከመቅረቡ በፊት ስድስት ወር ነዋሪ እንዲሆን ትሻለች፤ ጥፋት ካልተጠቀሰም ባልና ሚስት አንድ ዓመት ተለያይተው መኖር አለባቸው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌላቸውና የጽሑፍ ስምምነት ካደረጉ ግን ስድስት ወር ይበቃል። ሜሪላንድ ከጥቅምት 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስድስት ወር መለያየትን፤ ወይም የማይታረቅ ልዩነትን፤ ወይም የሁለቱን ስምምነት ምክንያት አድርጋ ትቀበላለች፤ የፍቺው ምክንያት ከስቴቱ ውጭ የሆነ እንደ ሆነ ግን አንዱ ወገን ስድስት ወር በዚያ የኖረ መሆን አለበት። በዲስትሪክቱ የስድስት ወር ነዋሪነት ይጠየቃል፤ ከጥር ወር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ተለያይቶ የመኖር ግዴታ ቀርቷል። እንግዲህ በሃያ ደቂቃ መንገድ ውስጥ አንዱ ዳኛ ዓመት ያስጠብቃል፤ ሌላው አያስጠብቅም። ፈጣኑን መንገድ መፈለግ ከዚህ የተነሣ ይመጣል። በእውነት በዚያ የሚኖር ሰው የሚኖርበትን ዳኛ ቢጠራ ነውር የለበትም፤ ለፍቺ ሲል ነዋሪ መስሎ የሚቀርብ ግን ምን እንደሚያገኘው ከሚከተለው ታሪክ ይማር።

በኔቫዳ ስቴት ስድስት ሳምንት የተቀመጠ ሰው ፍቺ ሊጠይቅ ይችላል። በ1940 እ.ኤ.አ. ከሰሜን ካሮላይና አንድ ባለ ሱቅና አንዲት ባለ ትዳር ሴት የትዳር ጓደኞቻቸውን ትተው ወደ ኔቫዳ ሄዱ፤ በላስ ቬጋስ አጠገብ ባለ የመንገደኞች ማደሪያ ስድስት ሳምንት ተቀምጠው ሁለቱም ፍቺ አገኙ፤ እርስ በርሳቸው ተጋቡና ወደ አገራቸው ተመልሰው በአንድነት መኖር ጀመሩ። የሰሜን ካሮላይና ዐቃቤ ሕግ ግን ያልፈረሰ ትዳር ላይ ሌላ ጨምራችኋል ብሎ ከሰሳቸው። ነገሩ ሁለት ጊዜ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1942 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ አንዱ ተጋቢ ዋና መኖሪያው ባደረገው ስቴት የተሰጠ ፍቺ በሌሎቹም ስቴቶች መከበር አለበት አለ። በ1945 እ.ኤ.አ. ግን ሰሜን ካሮላይና ሰዎቹ በእውነት የኔቫዳ ነዋሪዎች ነበሩን ብላ መመርመር ትችላለች ብሎ ፈረደ፤ ቅጣታቸውም ጸና። ስድስት ሳምንት በማደሪያ ቤት መተኛት ሰውን የአገር ሰው አያደርገውም ማለት ነው።

በ1948 እ.ኤ.አ. ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሌላ ነገር አስተማረ። በኒው ዮርክ ባልዋ በወር 180 ዶላር ቀለብ እንዲከፍላት የተፈረደላት ሴት ነበረች። ባልዋ ወደ ኔቫዳ ሄዶ እርስዋ ሳትቀርብ ፍቺ አገኘና ከእንግዲህ አልከፍልም አለ። ፍርድ ቤቱም ፍቺው ትዳሩን ቢያፈርስም ያልቀረበችውን ሴት ቀለብ ሊያጠፋ አይችልም ሲል ወሰነ። ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ ፍርድ ለሁለት ይከፈላል፤ ትዳርን መፍታት አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብንና ንብረትን መወሰን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ከሳሽ በሚኖርበት ቦታ ብቻውን ሊያገኘው ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በተከሳሹ ላይ ሥልጣን ያለው ዳኛ ይሻል። በሩቅ አገር ያለ ባልዋን ሳታስቀርብ የተፋታች ሴት ወረቀቱን ይዛ ቀለቡን ልታጣ፤ ወይም እንደ ገና ልትከራከር የምትችለው ስለዚህ ነው።

የልጆች ነገር ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በሜሪላንድ፤ በቨርጂንያና በዲስትሪክቱ የልጅን አስተዳደግ የሚወስነው በመጀመሪያ ልጁ ክሱ ከመቅረቡ በፊት ስድስት ወር የኖረበት አገር ዳኛ ነው፤ የውጭ አገርም በዚህ ነገር እንደ ስቴት ይቈጠራል። ስለዚህ ወላጆቹ በአሜሪካ ሆነው ልጁ በጎንደር ከአያቱ ጋር የሚያድግ ከሆነ ፍቺውን የሰጠው ዳኛ ልጁን በሚመለከት አልፈርድም ሊል ይችላል። ይህ ሕግ መልካም ሕግ ነው እላለሁ። ልጁን የሚያውቁት መምህሩ፤ ጎረቤቱና የሚያጠምቀው ካህን ያሉት በጎንደር ነው።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚኖሩት በአጭሩ እንናገራለን። ከነሐሴ ወር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ደንባቸው ባልና ሚስት በአንድነት የሚኖሩበትን አገር፤ ወይም አንዱ ገና የሚኖርበት ከሆነ በመጨረሻ አብረው የኖሩበትን፤ ወይም ተከሳሹ የሚኖርበትን ይቀበላል፤ ከሳሽ በራሱ መኖሪያ ሊከስ ቢሻ ዓመት፤ የዚያ አገር ዜጋ ከሆነም ስድስት ወር መቀመጥ አለበት። በሁለት አገር ቢከሰስ አስቀድሞ የቀረበለት ፍርድ ቤት ይቀድማል። ይህ የመጨረሻው ነገር ሰዎችን ለመቀዳደም ያሯሩጣል፤ ሩጫውም ለዕርቅ የሚሆነውን ጊዜ ይበላል።

በባሕር ማዶ የተሰጠ ፍርድ በኢትዮጵያ እንዲፈጸም ሲፈለግስ? የሥነ ሥርዓት ሕጋችን በ458ኛው ቍጥር የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ፤ ፍርዱን የሰጠው በሕግ የቆመ ፍርድ ቤት መሆኑ፤ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑ፤ ከሕዝብ ሰላምና ከመልካም ጠባይ ጋር የማይቃረን መሆኑ፤ ከእነዚህም መካከል የተፈረደበት ሰው ቀርቦ መከላከያውን ለማሰማት ዕድል አግኝቶ የነበረ መሆኑ ነው። ገማልያል፤ ኒቆዲሞስና ፊስጦስ ያሉት ነገር በእኛ የሕግ መጽሐፍም ተቀምጦ እናገኘዋለን። በአዲስ አበባ ያለ ቤት በሜሪላንድ ፍርድ ብቻ ስሙ አይዛወርም። ንብረታቸው፤ ልጆቻቸውና አንደኛው ወገን በኢትዮጵያ ያሉ ሰዎች፤ ፍጥነትን ትተው በኢትዮጵያ ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ከመከራከር ይድናሉ። ከሁለቱ አንዱ የውጭ አገር ዜግነት የያዘ እንደ ሆነ ግን ነገሩን የሚያየው የትኛው ፍርድ ቤት እንደ ሆነ ሊለወጥ ስለሚችል አስቀድሞ ከሬጅስትራሩ መጠየቅ ይገባል።

በዐረብ አገሮች ስለሚሠሩት እኅቶቻችን ግን ልዩ ሐሳብ ያስፈልጋል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ሴት ከአሠሪዋ ፈቃድ ሳታገኝ ከደጅ የማትወጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ፍርድ ቤት ሄዳ መልስ መስጠት ይቅርና ቆንስላ ለመድረስ እንኳ ትቸገራለች። በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ከየካቲት ወር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስላም ላልሆኑ የወጣ የቤተ ሰብ ሕግ አለ፤ በእርሱም ሌላው ወገን ከተነገረው በኋላ ጥፋት ሳይመረመርና ወደ ዕርቅ ሳይመራ ፍቺ በመጀመሪያው ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል። ገንዘቧን ለቤት መሥሪያ በባልዋ ስም ስትልክ የኖረች ሴት በዚያ ቢፈረድላት ቤቱ ግን በወልድያ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለችው የሚሻለው በኢትዮጵያ የምትታመን ሰው መወከል ነው። ውክልናው በኤምባሲው ወይም በቆንስላው ፊት ይፈረማል፤ በአዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። በውክልናው ውስጥ ስለ ፍቺ መከራከር መቻሉ በግልጥ ይጻፍ፤ ለንብረት ማስተዳደር ብቻ የተሰጠ ውክልና ክርክር ያስነሣልና። ባልዋ ከሳሽ ከሆነ ደግሞ፤ የንስሐ አባቱ በሥራ ቤት ያለችበትን አድራሻና የስልክ ቍጥርዋን ለፍርድ ቤቱ እንዲያቀርብ፤ እስክትወክልም ድረስ ቀጠሮ እንዲራዘምላት እንዲጠይቅ ያስገድደው። ይህን የማይፈጽም ሰው ሊፈታ ሳይሆን ሊዘርፍ ነው የሄደው።

ስለ ካህናት ሥራ ጥቂት እንጨምር። በውጭ አገር ያለ ካህን የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ «ሁለተኛ አጋባኝ» የሚል ሰው ሲመጣበት ወረቀቱን አይቶ ብቻ አይመልስ። የፍርድ ቤት ፍቺ በተክሊልና በቍርባን የታሰረውን አይፈታም፤ ያ ነገር በንስሐ አባትና በሀገረ ስብከት የሚመረመር ነው። ነገር ግን ለዚህ ምርመራ እንኳ ወረቀቱ ብዙ ይናገራል። ተከሳሹ ቀርቦ ነበርን? መጥሪያው በእጁ ደርሶ ነበርን ወይስ በጋዜጣ? በዚያ ከተማ ከሳሹ በእውነት ይኖር ነበርን? መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ በኢትዮጵያ ላለው የሌላው ወገን የንስሐ አባት መጻፍ ወይም መደወል ይገባዋል። በአንድ ደብር ያሉ አባቶች በአንድ ትዳር ላይ ያልተስማሙበት ነገር ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንዱ ካህን ለሌላው ሳይደውል መቅረቱ ነው።

የስም ነገር ደግሞ አይረሳ። ከላይ የጠቀስነው ገማልያል ሌላ ሥርዓትም ሠርቷል። በእርሱ ዘመን ሰው በአንድ አገር በአንድ ስም፤ በሌላው አገር በሌላ ስም ይጠራ ነበርና በፍቺው ጽሕፈት ላይ ሰውየው ያለው ስም ሁሉ፤ ሴቲቱም ያላት ስም ሁሉ እንዲጻፍ አዘዘ። የእኛም ሰው እንዲሁ ነው። በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ በክርስትና ስሙ ይጻፋል፤ በቀበሌ መታወቂያው በዓለም ስሙ፤ በአሜሪካ ፓስፖርቱ ደግሞ የአያቱ ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ይገባል። የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የፍቺውን ወረቀት በሚመረምርበት ጊዜ፤ ወይም የኢትዮጵያ ዳኛ የውጭውን ፍርድ ሲያይ፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ካልተገለጠ ነገሩ ለወራት ይዘገያል። ስለዚህ በየትም አገር ይቅረብ፤ በአቤቱታው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጋቢዎቹ ስም ሁሉ፤ የክርስትና ስማቸውም ጭምር፤ ተጋብተውበት ከነበረው ደብር ስምና ከጋብቻው ቀን ጋር ይጻፍ፤ ቀኑም በኢትዮጵያና በአውሮፓውያን አቈጣጠር ይሁን።